ጌት ቫልቩና የኋላ መስመራችን

2015 ዓ.ም.

ጥቅምት 17

ሐሙስ። የሕንፃ ዕቃ ሱቄ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አንዱ ጠዋት ቀለም ገዝቶ ከሰዓት መለሰው። «ግድግዳው ላይ ሌላ መልክ አመጣብኝ» ይላል። ሳይደርቅ ምን መልክ አለው? ተቀበልኩት።

ይህን አጀንዳ የሰጠኝ የቀለም አከፋፋዩ ነው። ባለቤቴ ኢናስ «የኳስ ጭቅጭቅህን እኔ ላይ ከምታራግፍ እዚያ ላይ ጻፈው» አለች። ይኸው ጻፍኩ። ለማን? ለራሴ።

አመሻሽ ላይ እንደ ልማዳችን የቡድናችን የሰበታ ጮራ ሰዎች ከልምምድ በኋላ ሱቄ መጡ። ሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀምጠን የእሁዱን አሰላለፍ እንከራከራለን። ሰሌዳ አንጠቀምም። ድሮ ነበረን፤ መምህር ተሾመ መምጣት ሲጀምሩ ተውነው። እሳቸው አያዩም። ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ የቧንቧ ዕቃ እንደረድራለን፣ እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ ልጅ በጣም ወጥቷል፣ መልሱት» ይላሉ። በመስመር ያሉት ሁለቱ ተከላካዮች ኤልቦ፣ የቧንቧ ማጠፊያው። መሃል ላይ አንዱ ቲ፣ ባለ ሦስት አፉ ማገናኛ። አጠገቡ እኔ... ጌት ቫልቭ። ውሃ መዝጊያው። ስሙን ያወጡልኝ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ገብረየስ ናቸው። «ይዘጋል» ብለው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያ ቫልቭ አይሸጥም።

አምና ግን አልዘጋም። በሃያ ሁለት ጨዋታ አርባ አራት ጎል ገባብን። ክርክሩ እሱ ላይ ነበር።

ጋሽ ገብረየስ «ከአዲስ አበባ ሁለት ልምድ ያላቸው እናምጣ። ተከላካይ እንደ ጠጅ ነው፣ ሲቆይ ነው» አሉ። አሰልጣኛችን ኪሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ዓመት ስጡኝ። በየዓመቱ አንድ አሮጌ አውጥቼ አንድ ልጅ ላስገባ። የኋላ መስመር አንድ ላይ ከፈረሰ አይነሳም።»

«ሦስት ዓመት? እኔስ እኖራለሁ?» አሉ ጋሽ።

እኔ «ችግሩ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ማንም «ነህ» አላለኝም። ለምን አልኩ? ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ገና ነኝ።

እጅ ወጣ። ጋሽ ገብረየስ አሸነፉ።

ኅዳር 18

ሁለቱ ልምድ ያላቸው ዛሬ ተሰለፉ። አንዱ ልምድ አለው፣ ጉልበት የለውም። ሌላው ጉልበት አለው፣ ኳስ ስትመጣ ነው የሚጠፋው። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ስጮህ ዋልኩ። ያዘው፣ ውጣ፣ ተመለስ፣ ጀርባህን... ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ።

መምህር ተሾመ እንደ ሁልጊዜው ከጎላችን ጀርባ ነበሩ። «ወሬው ያለው እዚያ ነው» ይላሉ። ስንወጣ «ሙሄዲን፣ ከኋላ መስመሩ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ብቻ ነው» አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ጥር 25

ከሁለቱ አንዱ ገላን መጋዘን ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሻንጣውን ይዞ ሚኒባስ ላይ ለመድረስ ሲሮጥ አየሁት። ያን ሩጫ ሜዳ ላይ አንድ ቀን አላሳየንም።

ጋሽ ገብረየስ ዛሬ ስለ ጠጅ አላወሩም።

ሰኔ 11

ሊጉ አለቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ጎል። በአንድ ነጥብ ከመውረድ ተረፍን፣ አልሐምዱሊላህ። ተርፎ መደሰትም ደስታ ነው?

ጋሽ ገብረየስ ኪሩን ትከሻውን ይዘው «በል ሦስት ዓመትህን ጀምር። አንዱን እኔ በልቼብሃለሁ» አሉት። ትልቅ ሰው ናቸው። ስህተቱን እንደዚህ የሚያምን ስንት አለ?


2016 ዓ.ም.

ጥቅምት 8

ኪሩ ልጅ አመጣ። ቶሌራ ይባላል፣ የፉሪ ልጅ። ብሎኬት ማምረቻ ይሠራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቀጭን፣ ረጅም፤ ሲሮጥ ግን መሬት የሚነካ አይመስልም። በሁለት እጁ ጨብጦኝ፣ ጎንበስ ብሎ «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» አለኝ።

ጋሼ... እኔን? ኢናስ ስትሰማ ሳቀች ሳቀች፣ እንባዋ መጣ። ልጃችን ሚንሃም ቀኑን ሙሉ «ጋሼ ውሃ ላምጣ?» ስትለኝ ዋለች።

ልምምድ ላይ ኳስ ይዞ ቆሞ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለእርስዎ ልስጥ?» አለኝ። እስኪጠይቀኝ አጥቂው ወስዶ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው። ጨዋነቱን ሜዳ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ቢገባ እንዴት ጥሩ ነበር።

ባንኮኒው ላይ ቲውን ሰጠነው። ከእኔ አጠገብ ነው የሚቆመው። ኪሩ «አስተምረው» አለኝ። አስተምረዋለሁ። ከእኔ የተሻለ ማን አለ?

ታኅሣሥ 14

ቶሌራ ይማራል። ስነግረው ይሰማል። ኪሩ የተበላበትን ዓመት ለማካካስ ሁለቱን ኤልቦዎችም ዘንድሮ በልጆች ቀይሯል፣ እነሱም ይሰማሉ። እኔ እናገራለሁ፣ ሦስቱ ይሠራሉ። እስካሁን ዘጠኝ ጎል ብቻ ነው የገባብን። ኪሩ ሦስት ዓመት አያስፈልገውም፣ ተሠርቶ አልቋል።

የካቲት 10

እየመራን ነበር። ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ አጥቂ ከጀርባዬ መጥቶ አገባ። አላየሁትም። ወላሂ አላየሁትም። ዘንድሮ ሁሉም ነገር የሚበላሸው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው።

መልበሻ ቤት ቶሌራን ያዝኩት።

«አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ አትጮህም?»

መሬት መሬት አየ። «እርስዎ እየተናገሩ ነበር።»

ታኬታዬን ሳልፈታ ቤት ገባሁ።

የካቲት 14

ሐሙስ። ዛሬ የማይሆን ነገር ተናገርኩ።

ስለ እሁዱ ጎል እየተከራከርን ነው። ኪሩ ድካም ነው ይላል፣ ጋሽ ገብረየስ በረኛው ነው ይላሉ። መምህር ተሾመ ጌት ቫልቩን አንስተው በመዳፋቸው ያዙትና «ችግሩ እዚህ ጋ ነው» አሉ። «ሙሄዲን፣ አንተ ስትጮህ ሌሎቹ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ልጆቹ ታላቅ ሲናገር ዝም እያሉ ነው ያደጉት። ሰማንያ ደቂቃ ላይ አንተ ስትደክም ግን ከኋላ የሚናገር ሰው የለም። ጸጥ ይላል። ጎሉ ከመግባቱ በፊት እኮ እሰማዋለሁ፣ ያንን ጸጥታ።»

ደሜ ፈላ። «መምህር፣ ኳስ በጆሮ አይታይም» አልኳቸው።

ጋሽ ገብረየስ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። መምህር ቫልቩን ቦታው ላይ መለሱ፤ በትክክል፣ ከቲው አጠገብ። ዘንጋቸውን አነሱ። «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ባጃጅ ሲጠሩ ከውስጥ እሰማ ነበር። አልወጣሁም።

ለምን አልወጣሁም?

የካቲት 21

መምህር አልመጡም። ዕቃዎቹን ደረደርን፣ የሚዳስሳቸው ግን የለም። ኪሩ «እንግዲህ ሰሌዳ ልናመጣ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

መጋቢት 2

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ቀን ገቡ። ቡድኑ በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ኪሩ «ተጋጣሚም እንደኛው ነው፣ ሰበብ የለም» አለ።

መጋቢት 13

ጉሮሮዬ ተዘጋ። ጉንፋን ነው። ትናንት ሲሚንቶ ሲራገፍ አቧራው ጨመረበት መሰለኝ። ዛሬ ደንበኛ «ባለ ግማሽ ቧንቧ አለ?» ይለኛል፣ በእጄ ነው የምመልሰው። እስከ መግሪብ ውሃ የለ፣ ዝንጅብል የለ። ኢናስ «አላህ ቤታችን ላይ ምሕረት አወረደ» ትላለች። ትቀልዳለች። ሚንሃም በሹክሹክታ ነው የምታወራኝ፣ እሷም የታመመች ይመስል።

እሁድ ሱሉልታ ነን። ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል?

መጋቢት 15

ሱሉልታ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሃይሩፍ ሚኒባሳችን ዳገቱን ሲወጣ ኪሩ «ትችላለህ?» አለኝ። አዎ በራሴ ነቀነቅኩ። ድምፄ ጭራሽ የለም።

ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ረጅም ኳስ መጣች። አፌን ከፈትኩ... ምንም። ልጆቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ እነሱን አየሁ። ኳሷ አለፈችን፤ በረኛው ነው ያዳነን። ሁለተኛዋም እንደዚያው። አበቃልን አልኩ።

ከዚያ በቀኝ ያለው ኤልቦ «ውጡ» አለ። ቀጭን ድምፅ፣ የፈራ። ወጣን። አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ግራው «ሰው አለብህ» አለ። ከዚያ ቶሌራ... መጀመሪያ ለሌሎቹ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ «ቀቢ፣ ቀቢ፣ ያዘው»። ሰባ ደቂቃ አካባቢ ከጀርባዬ ሰው ሲመጣ «ሙሄ ተመለስ» ብሎ ጮኸብኝ። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። ሙሄ። ተመለስኩ። ኳሷን በጭንቅላቴ አወጣኋት።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎላችን ጭረት አልነካውም። ቶሌራ መልበሻ ቤት መጥቶ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጮህኩብዎት» አለኝ። በእጄ ተወው አልኩት። ሃይሩፉ ውስጥ ሁሉም ይዘፍናል። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ደስ አለኝ? አዎ። ደግሞ ደስ አላለኝም።

መጋቢት 22

ድምፄ ተመለሰ። ሦስት ገባብን።

ሦስቱንም ጎሎች እያሰብኩ ነው። ሦስቱም ላይ እኔ ነበርኩ የምናገረው። ልጆቹ ተመልሰው ዝም አሉ። አጋጣሚ ነው ልበል? ...ልበል።

መጋቢት 23

አጋጣሚ አይደለም።

ሚያዝያ 2

ዒድ። ከሶላት ተመልሰን ቤት ተሰበሰብን። ኢናስ ምግብ ስታዘጋጅ ለየት ያለ ሰሃን አየሁ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቅቤ ያልነካው። «ለማን ነው?» አልኳት። «ለመምህር ተሾመ። ሁዳዴ ላይ ናቸው። አንተ ነህ የምትወስደው» አለች። አልተከራከርኩም።

በሩን ሲከፍቱ ገና ሳልናገር «ሙሄዲን ነህ፣ አረማመድህ ነው» አሉ። ሰሃኑን ይዤ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «መምህር፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም።

«ግባ እንጂ። ዒድ ሙባረክ» አሉ። አስቀመጡኝ። ስለዚያ ሐሙስ አንድ ቃል አላወጡም። ይልቅ ጠጋ ብለው «ሱሉልታ ሳልኖር ቀረሁ። እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ይሰማ ነበር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የቀኙን ድምፅ፣ የግራውን፣ የቶሌራን። ማን መቼ ምን እንዳለ አንድ በአንድ። ስናገር እሳቸው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየደረደሩ ይሰማሉ። «ሙሄ ተመለስ» ያለውን ስነግራቸው በጣም ሳቁ። እንደዚያ ቀን ደስ የሚል የኋላ መስመር በሕይወቴ አላየሁም። እኔ ድምፅ ስላልነበረኝ ነው የሆነው። ይሄን አልደበቅኳቸውም።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ሽሮዋ ጥሩ ናት» አሉ።

ሰኔ 16

ሃያ ስምንት ጎል። አምስተኛ ወጣን። ጋሽ ገብረየስ ደስ ብሏቸዋል፣ «መሻሻል ነው» ይላሉ። ነው። ከሃያ ስምንቱ ስንቱ በእኔ ሰበብ እንደገባ ግን እኔ አውቃለሁ።


2017 ዓ.ም.

ኅዳር 22

ዘንድሮ ዝም ልበል ብዬ ወስኛለሁ። እየተጫወቱ ዝም ማለት... ቀላል ይመስላል? መጀመሪያ ማስቲካ ሞከርኩ፣ እያኘክሁ ጮህኩ። ዛሬ የተምር ፍሬ አፌ ውስጥ ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ ላይ ዋጥኳት። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዬ ለቀቅኩት።

ቶሌራ ግን ተለውጧል። አሁን ለሁሉም ይጮሃል። ለበረኛው፣ ለኤልቦዎቹ፣ ለመሃል ተጫዋቾቹ። ከእኔ በስተቀር። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። አምበል ነኝ፣ ታላቅ ነኝ፣ በዚያ ላይ ባለ ሱቁ እኔ ነኝ። እንዴት ብሎ?

ሱሉልታ ላይ ያንን ጩኸት እንዴት እንዳወጣው ዛሬም ይገርመዋል መሰለኝ።

ጥር 15

ኪሩ ለቤቱ ሲሚንቶ ሊገዛ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ሊያወጣ ነው። ሳስጭንለት «የፎቁ ሶሌታ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ የባሕር ዛፉን ድጋፍ መቼ ነው የሚያነሱት?» አለኝ።

«ሲደርቅ። በሦስት፣ በአራት ሳምንት።»

«ቀድሞ ቢነሳ?»

«ይወድቃላ።»

«ደርቆ ባይነሳስ?»

«ታዲያ በምን በኩል ቤት ውስጥ ትገባለህ?» አልኩ፣ እየሳቅኩ።

ኪሩ አልሳቀም። «አዎ» አለ፣ ሲሚንቶ የተጫነበትን ጋሪ እያየ። አመስግኖ ሄደ።

የገባኝ ለሚንሃ የቤት ሥራዋን ሳሠራት ነው። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። «አባ፣ ምን ሆንክ?» አለች። ኪሩ አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ በቀጥታ ሊነግረኝ አልቻለም። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሲሚንቶ ገዛ።

ከፋኝ። ልጽፈው፣ ማንም አያነበውም፤ በጣም ከፋኝ። ልጆቹን ማን አስተማራቸው? አሁን ድጋፍ ሆንኩ?

ጥር 16

ደግሞ እውነቱን ነው።

የካቲት 13

ሐሙስ። እሁድ ከቡራዩ ጋር ነን። መሪዎቹ ናቸው፤ ካሸነፉን የዘንድሮው ነገር አለቀ።

ዕቃዎቹ ተደረደሩ። ኪሩ በልምምድ ላይ አንድ አዲስ ልጅ ከቶሌራ ጎን ሲያሠራ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሁላችንም አይተናል። አዲሱን ልጅ የሚወክል ኒፕል፣ አጭሩ የቧንቧ ማገናኛ፣ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጧል። ማንም ወደ መስመሩ አያስገባውም። ለመግባት ቫልቩ መነሳት አለበት።

ጋሽ ገብረየስ ስለ አጥቂዎቹ አወሩ። ኪሩ ስለ ማዕዘን ምት አወራ። መምህር ተሾመ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱ፤ ኤልቦ፣ ቲ፣ ቫልቭ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ አለፉት። ቶሌራ የሴራሚክ ካርቶኑን ወረቀት እየቀደደ ነው። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ሁሉንም ነካ፣ ያቺን ቦታ ብቻ አልነካም።

ገባኝ። ቶሌራ ያን ቀን ከጀርባዬ የመጣውን አጥቂ አይቶ ዝም እንዳለው፣ ዛሬ አራት ሰው እያወቀ ዝም እያለኝ ነው። ትልልቆቹም ጭምር። እኔን ተነስ የሚለኝ ሰው እዚህ ሱቅ ውስጥ የለም። ይሉኝታ ይዟቸዋል። እኔ ካልተናገርኩ እስከ ዛሬ ዓመት እንደዚሁ እንቀመጣለን።

ቫልቩን አነሳሁ። ከብዶኛል፣ ነሐስ ነው። ጥግ ላይ አስቀመጥኩት፣ ተቀያሪዎቹ ጋ። ኒፕሉን ከቲው አጠገብ አስገባሁ።

«በዚህ ነው የምንገባው» አልኩ። «አምበልነቱን ለቶሌራ ስጡት። የሚጮህ ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

ኪሩ ባንኮኒው ላይ ያለ እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። መምህር ጣታቸውን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱ። «አሁን ልክ ነው» አሉ።

ቤት ስገባ ለኢናስ ነገርኳት። ምንም ቀልድ አልቀለደችም። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

የካቲት 16

ከጎላችን ጀርባ፣ ከመምህር ተሾመ ጎን ተቀመጥኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ጨዋታን ተቀምጬ ያየሁት ዛሬ ነው። እግሬ መሬት ይደበድባል።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቡራዩዎች በግራ ሰብረው መጡ። ልጮህ አፌን ስከፍት መምህር ጉልበቴን ያዙ። «ተው» አሉ። «ስማ።»

ሰማሁ። ቶሌራ «ባኢ፣ ውጡ» ይላል። አዲሱ ልጅ ይመልስለታል። ቀኙ ኤልቦ በረኛውን ይሳደባል። በረኛው ይመልስለታል። አራት ድምፅ፣ አምስት ድምፅ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። መምህር ጆሮአቸውን አዘንብለው «ግራው ቀርቷል... አሁን ደረሰ» ይላሉ። እውነትም ደርሷል። እኔ በዓይኔ ከማየቴ በፊት ነግረውኛል።

ሰማንያ ደቂቃ ደረሰ። ያ የተለመደው ሩብ ሰዓት። ጸጥታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ቶሌራ ድምፁ ሻክሮ እንኳን ይጮሃል። ዳኛው እስኪነፋ ድረስ ከኋላ ዝም ያለ የለም።

ዜሮ ለዜሮ። ሰው ዜሮ ለዜሮ ሰልቺ ነው ይላል። ሰው ምን ያውቃል?

ስንወጣ መምህር ክንዴን ይዘው «ናፈቀህ?» አሉኝ። «በጣም» አልኩ። «ይናፍቃል» አሉ። ባጃጅ እስኪመጣ አብረን ቆምን።

ግንቦት 10

ለስድስት ደቂቃ ገባሁ። የግራው ኤልቦ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ። ቶሌራ ገና መስመሩን ስረግጥ «ሙሄ፣ ወደ ውስጥ። ወደ ውስጥ አልኩህ» አለኝ። አልኩህ ይለኛል። ገባሁ። ሥራዬን ሠርቼ ወጣሁ።

ለኢናስ ስነግራት «እኔ አሥር ዓመት ወደ ውስጥ ግባ ስልህ አልሰማህም» አለች።

ሰኔ 8

አለቀ። ሁለተኛ ወጣን። ዋንጫው የቡራዩ ነው፣ ይገባቸዋል። እኛ የገባብን አሥራ አራት ጎል ነው። አርባ አራት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት፣ አሥራ አራት።

ጋሽ ገብረየስ ኪሩን «ሦስት ዓመት ያልከው ልክ ነበር። ተከላካይ ጠጅ አይደለም» አሉት። ቶሌራ «ታዲያ ምንድን ነው?» አላቸው። ትንሽ አስበው «እኔ እንጃ ልጄ» አሉ።

ሐምሌ 10

ሐሙስ። ዝናብ። ጅማ መንገድ ላይ መኪና ቆሟል፣ ጭቃው ሌላ ነው። ደንበኛ የለም ብዬ ልዘጋ ስል እማማ ጠጅቱ፣ ከሱቃችን ጀርባ ያሉት፣ ጥላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። የግቢያቸው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ወደ ቤት እየገባ ነው። ባለ ሦስት ሩብ መዝጊያ ይፈልጋሉ።

መደርደሪያው ላይ ፈለግኩ። ግማሽ አለ፣ አንድ ኢንች አለ። ሦስት ሩብ የለም። ሰኞ ነው የሚመጣልኝ።

አለ እንጂ። ባንኮኒው ጥግ ላይ።

አነሳሁት። በአቧራ ጨርቅ ጠረግኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። መዝጊያውን አዞርኩት፣ ትንሽ አስቸገረና ተለቀቀ። ይሠራል። «ይሄ ጥሩ ነው እማማ» ብዬ ጠቀለልኩላቸው። ቧንቧ ሠሪው እስኪመጣ እኔው ሄጄ አሰርኩላቸው። ውሃው ቆመ። እማማ ጠጅቱ መረቁኝ።

ከፋኝ? ትንሽ። እዚያው ግቢ ቆሜ አየሁት። ቧንቧው ላይ ሲታይ ቫልቭ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

አመሻሽ ላይ እነ ኪሩ መጡ። የመጪውን ዓመት ክርክር ለመጀመር። ዘንድሮ አጥቂ ነው ችግሩ፤ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ደግሞ ጎል ያንሰዋል። ዕቃዎቹን ደረደርን። መምህር ተሾመ እንደ ልማዳቸው ከግራ ጀምረው ዳሰሱ። ኤልቦ። ኒፕል። ቲ። ኤልቦ። ጣታቸው ወደ ጥግ ሄደ። ባዶ ነው። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ሄደ።

«ቫልቩስ?»

«ሸጥኩት፣ መምህር።»

ጋሽ ገብረየስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለማን?»

«ለእማማ ጠጅቱ። ቧንቧቸው ፈንድቶ።»

«ዘጋ?»

«ዘጋ።»

«እሰይ» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ቲው መለሱ።

ቶሌራ ዘግይቶ ደረሰ፣ ከላይ እስከ ታች በስብሶ። የብሎኬት አቧራው ፊቱ ላይ ጭቃ ሆኗል። ካርቶኖቹ ሁሉ ተይዘዋል። ዙሪያውን አየና ከእኔ አጠገብ መጣ።

«ሙሄ፣ ጠጋ በል እንጂ።»

ጠጋ አልኩለት።